ለጀማሪ የሚሆን ብረት ፈላጊ

በያጁ እሁድ ከሰዓት በኋላ ስምንተኛውን ጉድጓድ ሲቆፍር ታላቅ እህቱ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሻይዋን ትጠጣ ነበር። ስምንት ጉድጓድ በአንድ ግቢ! ድንች ሊተክል መስሏችሁ እንዳይሆን። የሚፈልገው አንድ የብረት ችካል ነው። አባታቸው ትቶላቸው የሄደው የመሬት ወረቀት፣ የግቢው ወሰን ጥግ ላይ "በራሱ ላይ የመደመር ምልክት ያለበት የብረት ችካል" ተቀብሯል ይላል። የት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አየሁት ያለ የለም። ቀያሹ ደግሞ ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይመጣል። "ብረቱን ፈልገህ ጠብቀኝ፤ ያለ ብረቱ የምለካው አየር ነው" ብሎ ቁርጡን ነግሮታል።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ በሁለቱ ግቢዎች መካከል የብሎኬት ግንብ አሠሩ። ግንቡ እናታቸው ከምትተኛበት ክፍል መስኮት አንድ ክንድ ርቆ ተገተረ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ ክፍሉ ትገባ የነበረችው ፀሐይ ቀረች። እናት እግሯን ስለሚያማት ከክፍሏ ብዙ አትወጣም፤ ያቺ ፀሐይ ነበረች ጓደኛዋ። በያጁ "መሬታችንን ገፍተው የእናቴን ፀሐይ ቀሟት" ብሎ ነደደ። ከመምህሩ ጋር ሰላምታ ቆረጠ፣ አቤቱታ አስገባ፣ ቀያሽ እንዲላክለት የስንት ቢሮ ደጅ ጠና። እናቱ "ተወው ልጄ" ብትለው አልሰማም። ሰው ስለምትፈራ ነው ብሎ ደመደመ።

ለነገሩ እሱ መች ቁጭ ብሎ የሰው ነገር ይሰማል? ሰፈሩ "ችኩሌ" ብሎ ስም ያወጣለት ወዶ አይደለም። አንድ ጊዜ የሽንት ቤት በር ሲሠራ መቀርቀሪያውን በውጭ በኩል በይዶት ሄዷል። ሲተኛ እንኳ አንድ እግሩ መሬት ይፈልጋል ትላለች እህቱ።

መሣሪያውን የገዛው ትናንት ነው። ረጅም ዘንግ ነው፤ ከታች ሳህን የሚያህል ክብ ነገር፣ ከላይ ሁለት ማዞሪያ ያላት ትንሽ ሳጥን አለው። ሻጩ "ይሄ ለጀማሪ የሚሆነው ነው" አለው። "ለመዝናናት ሳንቲምና ቀለበት የሚፈልጉ ሰዎች በዚህ ነው የሚጀምሩት። አንድ ስንዝር ጠልቆ የተቀበረ፣ ቢበዛ ትንሽ አለፍ ያለ ያገኛል። ጥልቅ የሚያየው የባለሙያ ነው። ደግሞ ወረቀቱን ሳታነብ እንዳትጀምር።" ወረቀቱን ከነካርቶኑ እዚያው ትቶት መጣ።

ዘንጉን ተሸክሞ ሲገባ መምህሩ በራቸው ላይ ቆመው አዩት። ዓይናቸው ከመሣሪያው አልነቀል አለ።

"እሱ ነገር መጫወቻ ነው፤ ተሸውደሃል። መልሰው" አሉት።

ዘግቷቸው አለፈና ለእህቱ "ፈርተዋል" አላት። "ካልፈሩ ምን ጥልቅ አደረጋቸው? እንግዲህ ያበጠው ይፈንዳ።"

ያበጠው ግን አልፈነዳም። መሣሪያው የትም ቢሄድ ይጮኻል። ግንቡ ሥር ጮኸ፤ ቆፈረ፤ ምንም። ቧንቧው ጋ ጮኸ፤ ቆፈረ፤ ምንም። ሦስተኛው ላይ አንዲት የታጠፈች ምስማር ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ እሷም የለች። አንዱን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው፤ ጩኸቱ ባሰበት። ላቡ ወደ ዓይኑ እየገባ፣ አንዱን ጉድጓድ ሳይጨርስ ወደ ሌላው እየዘለለ፣ ሰዓቱን በየደቂቃው እያየ ዋለ። አሁን ዘጠኝ ተኩል ሆኗል።

"ይሄን ግቢ ሃያ ዓመት ብረት ስትቆርጥበት ኖርክ" አለች እህቱ። "ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ ብረት ያገኝበታል። አንተ በመሣሪያ አጣህ።"

"መሣሪያው ነዋ ውሸታም! ለጀማሪ ብሎ ቆሻሻ ሸጠልኝ።"

"እስቲ ከፍ አድርገው።"

ከፍ አደረገው። ዝም አለ።

"አሁን ወደ እግርህ አምጣው።"

አመጣው። ጮኸ። እህቱ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ዓይኗ ጫማው ላይ ነበር። ከባድ የሥራ ጫማ ነው፤ ብረት ቢወድቅበት ጣቱን እንዳይጨፈልቀው አፍንጫው ላይ ብረት የተቀበረበት። እሁድም ከእግሩ አይወልቅም። ሳህኗን ደግሞ እንደ መጥረጊያ ከጫማው አፍንጫ ሳያርቅ ነበር ሲጎትታት የዋለው። ብረት ሲፈልግ የዋለ ሰው ብረት ተጫምቶ!

እህቱ እስክታለቅስ ሳቀች። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል" አለች እንባዋን እየጠረገች። "አንተ መልቀሙንም አልቻልክበት።"

በያጁ ጫማውን አውልቆ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ አጠለቀ፤ ማዞሪያውንም መለስ አደረገው። እውነቱ ይነገር ካልን ከዚያ በኋላ መሣሪያው ምንም ጥፋት የለበትም። ባዶ መሬት ላይ ጸጥ ይላል፤ ብረት ሲያገኝ ይናገራል። በሩብ ሰዓት ውስጥ አንድ የዛገ ማንኪያ፣ ሁለት የጠርሙስ ክዳንና አባትየው ጠፋብኝ እያለ የሞተበትን የበር ማጠፊያ አወጣ። እህቱ ራሷ ከደረጃው ተነስታ መከተል ጀመረች። ችካሉ ግን የለም። ግንቡን ከዳር እስከ ዳር ሄደበት፤ የለም። በግንቡና በመስኮቱ መካከል ባለችው አንድ ክንድ ቦታ በጎኑ እየተሳበ ገባ፤ እዚያም የለም። ነገ ቀያሹ መጥቶ "ብረቱስ?" ሲለው፣ መምህሩ ከግንባቸው ጀርባ ሆነው ሲሰሙ ታየው።

ከዚያ ማንም ባላሰበው ቦታ፣ ከመስኮቱ በተቃራኒ በግቢው በኩል፣ በእናቱ ክፍል ግድግዳ ሥር መሣሪያው ቀጭን ድምፅ አሰማ። ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ድምፁ ወፈር አለ። ሲርቅ ጠፋ። በያጁ በሩን ከፍቶ ወደ ውስጥ ገባ።

እናቱ አልጋዋ ላይ ደገፍ ብላለች። አልጋው የእንጨት ነው። የበያጅ እናት ሆና የእንጨት አልጋ ላይ መተኛቷ፣ ልጇ የሠራላት የብረት አልጋ እንደ ጋሪ ስለሚንጫጫ ነው።

"እማዬ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጪልኝ፤ አልጋውን ላንሳው።"

እናት መሣሪያውን አየችው፤ ወለሉን አየችው። "ተወው ልጄ" አለች።

አልተወውም። መች ትቶ ያውቃል? አልጋውን ገፍቶ ሳህኗን ወለሉ ላይ አሳለፋት፤ ቤቱ በጩኸት ተሞላ። ወለሉን ሲሚንቶ ያለበሰው ራሱ ነው፤ ብረት የሚባል አላስገባበትም። መሮና መዶሻ አምጥቶ ፈለፈለ። ያኔም በጥድፊያ ስስ አድርጎ አፍስሶት ኖሮ ሲሚንቶው ሳያስቸግር ተነሳ። ከሥሩ ያለውን አፈር በእጁ ጠረገው። ክብ የብረት ራስ ብቅ አለ። ራሱ ላይ የመደመር ምልክት አለ።

በያጁ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። መሬት ለመለካት ቀያሽ አያስፈልገውም፤ ዓይኑ በቂ ነው። ችካሉ እዚህ ከሆነ ከአልጋው እስከ መስኮቱ የሰው መሬት ነው። መስኮቱ የሰው ነው። ከውጭ ያለችው አንድ ክንድ፣ ሦስት ዓመት ያበደባት፣ እሷም የሰው ናት። ነገ በሦስት ሰዓት የሚመጣው ቀያሽ የእናቱን ክፍል ለመምህሩ ቆርጦ ሊሰጥ ነው፤ የጠራው ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

"ታውቂ ነበር" አላት።

"እህትህ ተወልዳ፣ አንተን ደግሞ አርግዤ፣ ያለን ቤት አንድ ክፍል ነበር" አለች እናት። "የመምህሩ አባት 'ወደ እኔ መሬት ግባና ሥራ፤ ልጆች ይደጉበት' አሉት አባትህን። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ። ሲሠራ ጭቃ ሲያቀብል የዋለው መምህሩ ነበር፤ ያኔ ጎረምሳ ነው።"

"አባዬ እያንዳንዷን ስንዝር በላቤ ገዛኋት ይል አልነበር?"

"አባትህ ውለታ ይከብደው ነበር። ለሰው እንደዚያ ማለት ጀመረ፤ ኋላ ራሱም አመነው። ታዲያ በልጆቹ ፊት ላዋርደው? ተወው ከማለት ሌላ ምን ልበልህ?"

እህቱ በሩን ዘጋችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ያየ ሰው የለም" አለች። "ዕቃ ቤት የተረፈ ሲሚንቶ አለህ። ድፈነው። ቀያሹን ብረት አላገኘሁም በለው፤ ወረቀቱን አጥፎ ይሄዳል።"

በያጁ ዓይኑ በራ። እጁ ሥራ ሲያገኝ ጭንቅላቱ ያርፋል። ሮጠ፤ ሲሚንቶውን በባልዲ አቦካ፤ ማለስለሻውን ይዞ ተመለሰ። ተንበርክኮ ሲሚንቶውን ሊያፈስ ሲል እናቱ ተናገረች።

"እስከ ዛሬ ተሰጥቶኝ ነው የተኛሁበት" አለች። "አንተ ከደፈንከው ግን ከዛሬ ጀምሮ ሰርቄ ነው የምተኛበት። አልጋዬን ወደ ሌላው ክፍል ውሰድልኝ።"

ባልዲውን አስቀመጠው። ወጣ፤ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረው፤ የራሱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሊሰበር ነበር። እጁን ታጠበ፤ እንደገና ታጠበ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የመምህሩን በር አንኳኳ።

መምህሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከፈቱ። ግባም አላሉት፣ ሂድም አላሉት።

"ጋሼ፣ ብረቱን አገኘሁት።"

"የት?"

"እናቴ አልጋ ሥር።"

መምህሩ በረጅሙ ተነፈሱ። "ይሠራል ማለት ነው ያ መጫወቻ" አሉ፤ ቅር ብሏቸዋል። "አንድ ስንዝር አያይም ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።"

"ቀያሹ ነገ ይመጣል። ክፍሉ የእርስዎ ነው። እናቴን እስካዛውር ትንሽ ጊዜ ቢሰጡኝ ብዬ ነው። አፈር በልቼ ነው የመጣሁት።"

"እናትህን ማን አንሺ አላት?" ድምፃቸው ከፍ አለ። "ልጅ የለኝም። እኔ ስሞት የእህቴ ልጆች ናቸው የሚወርሱኝ። ግንብ ካዩ ወሰኑ ይሄ ነው ብለው ይቀመጣሉ። ግንብ ከሌለ ወረቀት ያወጣሉ፣ ብረት ይፈልጋሉ፣ እንዳንተ። ለሷ ብዬ ነው ያሠራሁት። አንድ ክንድ የራቅኩት መስኮቷ እንዲከፈት ነው። ፀሐይዋን መከለሌ ቆጭቶኛል፤ ዝቅ አድርጌ ላሠራው ብል ደግሞ የሚዘለል ግንብ ማን ወሰን ይለዋል?"

በያጁ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። "ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሼ?"

"መች ቆመህ? ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እዚህ በር ላይ ወጥቼ እንደምን አደርክ ስልህ ነበር። አንድ ቀን ብትመልስልኝ፣ ቀጥዬ የምነግርህ ይሄንኑ ነበር።" መነጽራቸውን አወረዱ። "ነገ እፈርማለሁ። አሁን ሂድ።" በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

በማግስቱ ቀያሹ በሰዓቱ መጣ። መምህሩ ወጡ፤ "ወሰኑ ግንቡ ነው፤ ተስማምተናል" አሉ። ቀያሹ የጉድጓዱን ብዛት አየና "ታዲያ በከንቱ ነው ያደከማችሁኝ?" ብሎ አጉረመረመ። ሁለቱም ፈረሙ። ያ ሁሉ ዓመት የተሮጠበት ነገር በያጁ ብዕሩን ሳያሞቅ አለቀ። ቀያሹ ዕቃውን ሰብስቦ ሲሄድ መምህሩም ወደ በራቸው ዞሩ።

"እንደምን አደሩ፣ ጋሼ" አለ በያጁ።

መምህሩ አለፉት። አልሰሙም እንዳይባል ጆሮአቸው ደህና ነው።

በያጁ እዚያው ቆሞ ቀረ። እናቱ መስኮቷን ከፍታ ኖሮ ድምፅዋ ከግንቡ ጥግ መጣ።

"መለሰልህ?"

"አልመለሱልኝም።"

"ነገም በለው።"

"ስንት ቀን ልበላቸው፣ እማዬ?"

"እሱ ስንት ቀን ብሎህ ነበር?" አለችው።