«ሳሮ» ያለችው ሴት

«ጥፋቱ የማሽኑ ነው ብለሽ ጻፊ» አለ እዮኤል፣ ታብሌቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ ትርፌ እየገፋ። «ለሁሉም ሰው ቀይ ያበራል፣ ‹ሳሮ› ያለውን ሁሉ ይጠራጠራል፣ ስለዚህ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም በይ። ሁለት መስመር ናት።»

ትርፌ አልነካችውም። ከትናንት ጀምሮ ያንን ዕቃ ማየት አስጠልቷታል።

እዮኤል የክሊኒኩ ባለቤት ነው። አባቱ ከጉራጌ መጥቶ ወላይታ ሶዶ ላይ ጨርቅ ሲነግድ የኖረ ሲሆን፣ እሱ ግን ወላይትኛን ከተወላጁ እኩል ይናገራል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ለትርፌ ይቀልላት ነበር።

በታብሌቱ የሚናገረው ማሽን የመጣው ከአምስት ወር በፊት ነው። «ሊቁ» ብለው ስም ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው። ለማሾፍ ነበር፤ በኋላ እውነት ሆኖ ሲያገኙት ቀልዱ ቀረ። ከዶክተር ሐብተማርያም በላይ ያውቃል፤ ይህንን ዶክተሩ ራሱ ሳያፍር ይናገራል። መግቢያው ላይ ሆኖ በሽተኛውን በወላይትኛ ያናግራል፣ መልኩን ያያል፣ ትንፋሹን ያዳምጣል፤ ከዚያ ማን ቀድሞ ይግባ የሚለውን በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ያሳያል። የመጨረሻው ቃል የሰው ይሁን ስለተባለ፣ ቀለሙን የመቀየር ሥልጣን የተሰጠው በሽተኛ ለምትቀበለው ነርስ፣ ለትርፌ ነው።

ሊቁ ቋንቋውን ሲመጣም ያውቅ ነበር፤ ሰዉን ግን አያውቅም። ያስተማረችው እሷ ናት። «የእኛ አገር ሰው ‹ሳሮ?› ስትለው ‹ሳሮ› ይልሃል» ብላዋለች በመጀመሪያው ሳምንት። «ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ግን ሰላምታ ነው እንጂ መልስ እንዳይመስልህ። ነፍሱ ልትወጣ ስትል እንኳ ‹ሳሮ› ነው የሚልህ። አትመነው። ፊቱን እይ፣ ደግመህ ጠይቅ።»

«አመሰግናለሁ ትርፌ» አላት ያኔ። «ይህን እንዲህ አድርጎ የነገረኝ የለም።» በጣም ደስ አላት። ማታ ለልጇ ለቤዚ ሳይቀር አወራችላት።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ከቦምቤ የሚመጡት የአገሯ ሰዎች እንኳ እሷን አለፍ እያሉ ከሊቁ ፊት ይቀመጡ ጀመር። ዶክተሩም «ትርፌ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» ማለቱን ተወ። አሥራ አንድ ዓመት ከሠራችበት ወንበር ማንም ሳያስነሳት የተነሳች መሰላት።

ትናንት ገበያ ስለነበረ ክሊኒኩ ጢም ብሎ ነበር። ጣፈጠች የምትባል የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ከገሱባ በጠዋቱ ሚኒባስ መጣች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባዋለች። ትርፌ ጤንነቷን ጠየቀቻት።

«ሳሮ፣ ሳሮ» አለች ሴትዮዋ ፈገግ ብላ። «መንገዱ ነው ትንሽ ራሴን ያመመኝ።»

ሊቁ ቀይ አበራ። «ፊቷ አብጧል፣ ብርሃንም እየሸሸች ነው። የደም ግፊቷ አሁኑኑ ይለካ።»

«አንተ የገሱባን መንገድ የት ታውቀዋለህ?» አለች ትርፌ። ወረፋ የያዙት ሰዎች ሳቁ። ሳቃቸው ጣማት፤ እንዲህ ተስቆላት ስንት ጊዜዋ ነው። ቀዩን አረንጓዴ አደረገችው።

«ትርፌ፣ ‹ሳሮ› ማለቷን አትመኚ» አለ ሊቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።»

ይሄኔ ባሰባት። ሰው ፊት በገዛ ቃሏ ሲመክራት መቻል አቃታት። ድምፁን ዘጋችው።

ጣፈጠች አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየች። ከዚያ ወደቀችና ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በባጃጅ ሆስፒታል አደረሷት። እሷ ተረፈች፣ ልጇ ግን ሞቶ ተወለደ።

«ቀለሙን ማን እንደቀየረው አውቃለሁ» አለ እዮኤል አሁን፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ግን ማሽን ልጅ አያሳድግም። የሙያ ፈቃዱን አይነጥቁት። አንቺን ነው የሚነጥቁሽ። እርስ በርሳችን ካልተሸፋፈንን ምን ዋጋ አለን?»

ትርፌ ታብሌቱን ወደ ራሷ ሳበችው። «ይህን ብጽፍ ምን ታደርጋለህ?» አለችው ሊቁን።

«ሪፖርታችሁ መማሪያዬ ነው። ‹ሳሮ› ያለውን ማመን እጀምራለሁ፣ ቀዩንም አሳንሳለሁ» አለ። «ስህተት ይመስለኛል፤ እንደሚመስለኝም እናገራለሁ። የመጨረሻው ቃል ግን የእናንተ ነው።»

«እየዋሸሁ እንደሆነ እያወቅክ?»

«የዚህን አገር ሰው ያወቅኩት በአንቺ ነው፣ ትርፌ።»

ቢወቅሳት ይሻላት ነበር። አምስት ወር ሙሉ ሰዉ ሁሉ የሚጠይቀው ሊቁ ይታመን እንደሆነ ነበር። እሷ ትታመን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ነገ ደግሞ ሌላ ሴት «ሳሮ» ብላ ትቀመጣለች፤ አረንጓዴው ይበራላታል፤ ያኔ ቀለሙን የሚቀይር ሰው እንኳ አያስፈልግም። ትርፌ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጣፈጠችን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ደግማ ብትጠይቃት ኖሮ።

«ቀዩ ልክ ነበር። አረንጓዴ ያደረግኩት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች።

እዮኤል ከወዲያ በኩል አንገቱን አስግጎ አነበበና በረጅሙ ተነፈሰ። «ምክንያት የሚል ቦታ አለ» አለ። «እንግዲያው ወረፋው በዝቶብኝ ነው በይ። እሱ እንኳ ውሸት አይደለም። ለወረፋ ፈቃድ አይነጥቁም።»

ወረፋው እውነትም ብዙ ነበር። እስከ በሩ ደርሶ ነበር። ትርፌ ጣቷን «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ቀናሁበት» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም ስሟን ከነአባቷ ስም ሞላች።