ሠላሳ ስምንቱ ፎርሞች

እትዬ ምንትዋብ በዚያ ሳምንት አንድ ቦታ መቀመጥ አቃታቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ባልድዊን ሂልስ ካለው ቤታቸው ጠዋት ይነሡና ምንም ጉዳይ ሳይኖራቸው የኢትዮጵያውያን ሬስቶራንቶች እስከተደረደሩበት እስከ ፌርፋክስ ጎዳና ድራይቭ ያደርጋሉ። ፓርክ አድርገው ከኦሊምፒክ እስከ ዊትዎርዝ መንገድ በእግራቸው ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። የሚያውቁት ሰው ሻይ ሲጋብዛቸው ግማሹን ጠጥተው ይነሣሉ። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፋርማሲስት ነበሩ፤ ሰፈሩ የሚያውቃቸው ግን በክለቡ ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከሬስቶራንቶቹ ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ አዲስ ዜጋ የሆነውን ሁሉ ለምርጫ ሲያስመዘግቡ የኖሩ፣ የፌርፋክስ ኢትዮጵያውያን ዴሞክራቶች ክለብ ሊቀ መንበር ናቸው።

ፓርቲው ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርበውን ሰው የሚመርጥበት ቀን፣ ፕራይመሪ የሚሉት፣ ወር ከምናምን ቀርቶት ነበር። ሁለት ዕጩዎች ፓርቲውን ወዲያና ወዲህ ይጎትቱታል። አንደኛው አገረ ገዥ ሃልቨርሰን ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ማንንም የማያስቀይሙ፣ ነጋዴውም ሠራተኛውም የማይፈራቸው ሰው። ሁለተኛዋ ኦርቴጋ የምትባል የኮንግረስ አባል ናት። ድሮ የነርሶች ማኅበር መሪ ነበረች። ሕክምና ለሁሉም ይሁን፣ በየቤቱ ሽማግሌና በሽተኛ የሚያስታምሙ ሠራተኞች ደመወዝ ይጨመር፣ ፓርቲው ከባለጠጎች ደጅ ይነሣ ትላለች። መጀመሪያ የሳቁባት ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ ሳቃቸውን አቁመው ነበር።

እትዬ ምንትዋብ የሃልቨርሰን ሰው ናቸው። ኦርቴጋ የምትለውን ጠልተው አይደለም፤ መከፋፈልን ስለሚፈሩ ነው። አዲስ አበባ ተማሪ ሳሉ አብረው ሲዘምሩ የነበሩ ልጆች በአንድ ቃል ትርጉም ተለያይተው፣ በኋላ መንገድ ላይ ሲገዳደሉ አይተዋል። የዶርም ጓደኛቸውን የገደላት አብሯት ሲያጠና የከረመ ልጅ ነበር። ስለዚህ ፓርቲው ሊሰነጠቅ ነው ሲባል ለሌላው ሰው የቴሌቪዥን ወሬ ነው፤ ለእሳቸው ግን በዓይናቸው ያዩት ነገር ነው።

ክለቡ የትኛውን ዕጩ እንደሚደግፍ የሚወስነው ቅዳሜ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ጋሼ ሀብተሥላሴ ደወሉ። ሆሊውድ የሚኖሩ፣ የክለቡ ጸሐፊ፣ የምንትዋብ የአርባ ዓመት ወዳጅ ናቸው። ድምፃቸው ላይ ደስታ ይሰማል። ዶርቃ የምትባለው ወጣት የኦርቴጋ ደጋፊ ያስመዘገበቻቸው ሠላሳ ስምንት አዲስ አባሎች መምረጥ አይችሉም አሉ። ደንቡ ከድምፁ ቀን ሠላሳ ቀን በፊት ያልገባ አይመርጥም ይላል፤ የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ነበር፤ ፎርሞቹ ላይ ግን ‹ሰኞ ደረሰ› የሚል በራሳቸው በምንትዋብ እጅ ተጽፏል። እነዚያ ከወጡ ክለቡ ለሃልቨርሰን ነው፤ አገረ ገዥው ደግሞ ድጋፉን ካገኙ ፌርፋክስ ድረስ መጥተው ምሳ እንደሚበሉ የምርጫ ሰዎቻቸው ቃል ገብተዋል።

እትዬ ምንትዋብ ‹እሺ፣ አየዋለሁ› ብለው ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ነው መቀመጥ ያቃታቸው።

ፎርሞቹ ሰኞ አልደረሱም። ዶርቃ ረቡዕ ዕለት፣ ከመጨረሻው ቀን አንድ ቀን አስቀድማ፣ በትልቅ ፖስታ አድርጋ የፖስታ ሣጥናቸው ውስጥ ከትታቸዋለች። እሳቸውም በዚያው ዕለት ፖስታውን አውጥተው ከፍተውታል። የምሥራች፣ ፍሬአብ፣ ሲሞን፣ መዝሙር… ኖርዝ ሆሊውድ ካለው የጴንጤዎች ቤተ ክርስቲያን የመጡ፣ አንዳቸውንም በፊት የማያውቋቸው ሰዎች ናቸው። ፖስታውን መኪናቸው የኋላ ወንበር ላይ ጣሉት። የፈረንጅ አዲስ ዓመት መጣ፣ እንግዳ መጣ፣ ሰኞ አወጡትና ቀኑን ጻፉበት። ረሳሁት ብለው ራሳቸውን አሳምነው ነበር። አሁን ከኦሊምፒክ ወደ ዊትዎርዝ ሲሄዱ ግን፣ በየቀኑ መኪናው ውስጥ ሲገቡ ፖስታውን ያዩት እንደነበር ትዝ አላቸው።

ሐሙስ ዕለት ዶርቃ ራሷ ደወለች። ከአዲስ አበባ ከመጣች ስምንት ዓመቷ ነው፤ አሮጊቶችን በየቤታቸው እያስታመመች ነርሲንግ ትማራለች። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንደሚያደርገው አንቱታውን ትታዋለች።

«እትዬ፣ ጋሼ ሀብተሥላሴ ኢሜይል ላኩልን። ረቡዕ ነው እኮ ያስገባሁት። ሶ፣ እኔ ፎቶ አላነሣሁም፣ ምንም ፕሩፍ የለኝም። አንቺ ግን ታስታውሺያለሽ አይደል?»

 እትዬ ምንትዋብ ቅዳሜ ስብሰባው ላይ እንነጋገራለን አሉ። ዶርቃ ኦኬ ብላ ዘጋች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት የሬስቶራንቱ የኋላ አዳራሽ ሞላ። ነባሮቹ ሠላሳ አንድ ሰዎች እንደ ወትሮው ከፊት ተቀመጡ፤ አዲሶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ብዙዎቹ ከሥራ በቀጥታ የመጡ ናቸው፤ ዩኒፎርማቸውን አልቀየሩም። ጋሼ ሀብተሥላሴ ተነሥተው ደንቡን አነበቡ፤ ጥርት አድርገው፣ ያለ ክፋት። ደንብ ለሁሉም እኩል ካልሆነ ክለብ አይባልም አሉና ተቀመጡ። ከኋላ አንዲት ሴት ‹ድሮም አይፈልጉንም› ስትል ተሰማ። ዶርቃ እጇን አጣጥፋ እትዬ ምንትዋብን ብቻ ታያለች።

እትዬ ምንትዋብ ወደ መድረኩ ሲሄዱ ምን እንደሚሉ ገና አልወሰኑም ነበር። ለሃልቨርሰን የሚጠቅመው ዝም ማለት ነው፤ ወረቀቱ በእሳቸው ፈንታ ይናገራል። ማይኩን ያዙና ቀና ሲሉ ግን ሠላሳ ስምንት ሰው ቆሞ እሳቸውን ይጠብቃል። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ቆመው ‹ኑ፣ ግቡ፣ ድምፃችሁ ዋጋ አለው› ሲሉ የኖሩት ለማን ነበር?

«ፎርሞቹ የደረሱኝ ረቡዕ ነው» አሉ። «ቀኑን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ፖስታውን አምስት ቀን መኪናዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ረስቼው ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልረሳሁትም። እነዚህ ሰዎች አባል ናቸው፤ ይመርጣሉ።»

 ጋሼ ሀብተሥላሴ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ምንትዋብ፣ ይህን ማክሰኞ ልትነግሪኝ ትችዪ ነበር። በሰው ፊት ውሸታም አድርገሽ አቆምሽኝ።»

ኮታቸውን አንሥተው ወጡ። ድምፃቸውን እንኳ አልሰጡም።

ተቆጠረ። ከስልሳ ስምንት ድምፅ ኦርቴጋ አርባ ሦስት አገኘች። ሠላሳ ስምንቱ ከኋላ የቆሙት ቢሆኑ፣ አምስቱ ከፊት ከተቀመጡት ውስጥ ነበሩ፤ እነማን እንደሆኑ ማንም አልጠየቀም። እትዬ ምንትዋብ ራሳቸው ለሃልቨርሰን ነው የሰጡት።

የአገረ ገዥው ምሳ ቀረ። ሁለት ሳምንት ያህል የሃልቨርሰን ሰዎች ስልክ አልደወሉም። ታዲያ ኦርቴጋ ሁለት ግዛቶች ላይ ስታሸንፍ ነገሩ ተለወጠ። በቴሌቪዥኑ ክርክር ላይ፣ እትዬ ምንትዋብ ኩሽና ውስጥ ቆመው ሲያዩ፣ ሃልቨርሰን ስለ ቤት ለቤት አስታማሚዎች ደመወዝ መናገር ጀመሩ። ጥር ላይ በጀቱ አይችልም ያሉት ሰውዬ! ቃላቱ የኦርቴጋ ናቸው፣ ረጋ ያለው ድምፅ ብቻ የእሳቸው። እትዬ ምንትዋብ ሊደሰቱ ፈልገው አቃታቸው። ሰውዬው አምነውበት ይሁን ፈርተው ማወቅ አይቻልም፤ ምናልባትም ልዩነት የለውም ብለው አሰቡ፣ ከዚያ ደግሞ አለው ብለው አሰቡ። በማግስቱ ከሃልቨርሰን የምርጫ ቢሮ ተደውሎ ከአስታማሚዎቹ ማንን እናነጋግር ሲባሉ የዶርቃን ቁጥር ሰጡ።

ካሊፎርኒያ ላይ ሃልቨርሰን በጥቂት ድምፅ አሸነፉ። በሳምንቱ ኦርቴጋ ከውድድሩ ወጣች። ዶርቃ ፌርፋክስ መጥታ እትዬ ምንትዋብ አጠገብ ቁጭ አለች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ምን አተረፍን እትዬ? ያን ሁሉ በር አንኳኳን፣ ተሸነፍን።»

«ደመወዛችሁ ጥር ላይ ‹በጀቱ አይችልም› ተብሎ የተዘጋ ነገር ነበር። አሁን የሃልቨርሰን ፕሮግራም ላይ ተጽፏል።»

«ቃላቸውን ይጠብቃሉ?»

«እኔ እንጃ። ብቻቸውን ከተተዉ አይጠብቁም።»

ዶርቃ በዚህ አልተጽናናችም፤ እትዬ ምንትዋብም ሊያጽናኗት ብለው አልተናገሩትም። ፓርቲው ፕሮግራሙን ከማጽደቁ በፊት የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ቀን ነበር፤ ሁለቱም ስማቸውን አስመዘገቡ።

ያልተስተካከለው የጋሼ ሀብተሥላሴ ነገር ነው። ስልክ አያነሡም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ምንትዋብ ሆሊውድ ሄደው በራቸውን አንኳኩ። ከፈቱላቸው፣ ወንበርም ሰጧቸው። ከፓርቲው መውጣታቸውን ነገሯቸው፤ ምዝገባቸውን ለውጠው ‹ፓርቲ የሌለው› ሆነዋል።

«እኔ አልሄድኩም፤ ፓርቲው ነው ጥሎኝ የሄደው» አሉ።

እትዬ ምንትዋብ የሚመልሱት ብዙ ነበራቸው፤ ሁሉንም ዋጡት።

«ማክሰኞ ልነግርህ ይገባኝ ነበር» አሉ።

ጋሼ ሀብተሥላሴ በመስኮት ወደ ፓርኪንጉ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይቅር አላልኩሽም አላሉም፤ ይቅር ብዬሻለሁም አላሉም። ኅዳር ላይ በዋናው ምርጫ ማንን እንደሚመርጡ ሲጠየቁ ገና ነው አሉ። እትዬ ምንትዋብ ሲወጡ ደረጃው ላይ ቆም አሉ፣ ወረዱ፣ መኪናው ውስጥ ገቡ፣ ቁልፉን ይዘው ትንሽ ቆዩ። በሚመጣው ቅዳሜ ተመልሰው ይመጣሉ። በሩ ባይከፈትም ይመጣሉ።