ኋይት ሮክን በአንድ ብስክሌት

በፈረንጆቹ 2008፣ ሙዘይን ከአዲስ አበባ ዳላስ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጧት፣ ታላቅ ወንድሙ ኡበይዳ «ዛሬ ብስክሌት እንነዳለን» አለው። ሙዘይን ቀልድ መሰለው። ኡበይዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታክሲ የነዳባትን ከተማ ማየት ካቆመ ዓመት አልፎታል፤ ስኳሩ ዓይኑን ወስዶበታል።

ለካ ኋይት ሮክ ሐይቅ አጠገብ ሁለት ሰው የሚነዳው ብስክሌት የሚያከራይ ሱቅ አለ። ሙዘይን ከፊት ሆኖ መሪውን ያዘ፤ ኡበይዳ ከኋላው ተቀመጠ። ሐይቁን የሚዞረው መንገድ ለብስክሌተኛና ለሯጭ የተሠራ ነውና መኪና የሚባል ዝር አይልበትም። እንግዳው እየነዳ፣ ማየት የተሳነው ባለአገር ያስጎበኘው ጀመር።

«አሁን ድልድይ ይመጣል፣ ቀስ በል። ካለፍነው በኋላ በግራ በኩል ጀልባዎች አሉ፣ ራይት?»

«አሉ ጋሼ።»

«ነጫጭ ናቸው?»

«ነጫጭ ናቸው።»

ኡበይዳ ከልቡ ሳቀ። ጥቂት እንደሄዱ ግን ሳቁ ጠፋ። «ከውሃው ዳር አግዳሚ ወንበር ስታይ ብሬክ አድርግ» አለ።

ወርደው ተቀመጡ።

«ማርዋ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ትሮጣለች። ዓይኔ ደህና ሳለ ታክሲዬን ፓርክ አድርጌ ከሩቅ አያት ነበር። ሶ፣ ስታልፍ ንገረኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ማርዋ አንድ ልጁ ናት። የመረጠችውን ሰው አልቀበልም ብሎ ሠርጓ ላይ ሳይገኝ ስለቀረ ሦስት ዓመት ሙሉ አላናገረችውም። ሙዘይን በፎቶግራፍ ካልሆነ አይቷት አያውቅም።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆዩ መጣች። ቁርጥ አባቷን ናት። የሕፃን ጋሪ እየገፋች ትሮጣለች። ኡበይዳን ስታይ ክው ብላ ቆመች። እሱ ፊቱን ወደ እሷ እንዳዞረ ነው፤ ግን አላያትም። ይኼኔ ገባት። ሙዘይን አፉን ሊከፍት ሲል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ እንባዋ እየወረደ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ጋሪዋን እየገፋች ሄደች።

«አልመጣችም?» አለ ኡበይዳ።

ሙዘይን «አልመጣችም» ሊል ፈልጎ ዞሮ ጋሪዋን እየገፋች ስትርቅ አያት።

«ጎማ ሰምቻለሁ። እዚህ ጋ ቆሞ ነበር።»

«እሷ ናት ጋሼ። ልጅ ወልዳለች።»

ኡበይዳ ፊቱን ጎማው ወደሄደበት አዞረ።

«ወንድ ነው ሴት?»

«እንጃ። ካልሲው ብቻ ነው የታየኝ፤ ቢጫ ነው። ተነሳ፣ በብስክሌት እንደርስባታለን!»

«ተው ሙዘይን። እኔም ስትጠራኝ አልሄድኩላትም።»

ሲመለሱ ኡበይዳ ስለ ሐይቁ አንድም ነገር አልተናገረም። አቀበቱ ላይ ብስክሌቱ ሲከብደው ሙዘይን ዘወር ብሎ አየ፤ ወንድሙ ፔዳሉን መርገጥ ትቶ ፊቱን በእጅጌው ሸፍኗል። ሱቁ ጋ እስኪደርሱ ሙዘይን ብቻውን ረገጠ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሙዘይን ወደ አገሩ ሲሳፈር ማርዋ ገና አልደወለችም ነበር።