ያዋስኩት ክንድ

የደም ግፊት የወፍራም ሰው በሽታ ይመስለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ነፋስ የሚወስደኝ ቀጭን ነኝ፤ ድንጋይ ብበላ ይፈጭልኛል እያልኩ ስፎክር ነው የኖርኩት።

የምሠራው ብስኩት ፋብሪካ፣ ማሸጊያ ክፍል ነው። አብሮ አደጌ ደግሞ ምድጃ ክፍል ናት፤ ብልጢት እንላታለን። እኛን የማሸጊያ ሠራተኞቹን ማንም አይለካንም። በየስድስት ወሩ ግፊታቸው የሚለካው ሙቀት ላይ የሚቆሙት ብቻ ናቸው። ግፊቷ ከፍ ያለ ሴት ከምድጃው ተነስታ ጽዳት ትገባለች፤ ከጽዳት የተመለሰች አይቼ አላውቅም። ስለዚህ የምድጃ ሴቶች አንድ ዘዴ አላቸው፤ ግፊት ያለባት የሌላ ጤነኛ ሴት ክንድ ትዋሳለች። ነርሷ ከውጭ ሐኪም ቤት ስለምትመጣ የምትጠይቀው ካርድ ነው እንጂ ማን ማን እንደሆነች አታውቅም።

«አፈር ስሆን፣» አለችኝ ብልጢት፣ «ያንቺ ክንድ ምን ይወጣለታል? አምስት ደቂቃ ነው።»

ካርዷን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ገባሁ። ነርሷ ጨርቁን ክንዴ ላይ ጠቅልላ ለካችኝ። ሌላኛውንም ክንዴን ለካች። ከዚያ ወረቀት ጻፈችና፣ «ይህን ይዘሽ ነገውኑ እኛ ሐኪም ቤት ነይ» አለችኝ። ለምድጃ ሠራተኛ ሁሉ እንዲህ የሚባል መሰለኝ። ማንበብ አልችልም፤ ደብዳቤውንም ማስታወቂያውንም የምታነብልኝ ብልጢት ናት። ወረቀቱን ሰጠኋት።

«ምን ይላል?»

እስከ ታች አነበበችው። «አልፋለች ይላል» ብላ አቀፈችኝ። «ክንድሽ ወርቅ ነው።»

እኔ ሞኟም ኮራሁ።

ከዚያ አራት ወር ሙሉ ራሴን ሲወቅረኝ ማስታገሻ የምትሰጠኝ እሷው ነበረች። «የማሽኑ ጩኸት ነው እኅቴ፣ ጆሮሽን ሸፍኚ» ትለኛለች። እኔም ሸፈንኩ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ካርቶን ሳጥፍ ቀኝ እጄ እምቢ አለኝ። ቀጥሎ የማስታውሰው የሐኪም ቤቱን አልጋ ነው። ብልጢት እግሬ ሥር ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ያቺው ነርስ መጥታ ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝ።

«ወረቀት የሰጠሁሽ አንቺ አይደለሽም እንዴ? መቶ ዘጠና በመቶ ሃያ ነበር እኮ! ለምን አልመጣሽም?»

መዝገብ ልታመጣ ወጣች። ምላሴ ተሳስሮ መናገር አልቻልኩም፤ ብልጢትን አየኋት ብቻ። አልካደችም፤ ሁሉን ነገረችኝ። ወረቀቴን ይዛ በማግስቱ እዚሁ መጥታ ሌላ ነርስ ዘንድ በራሷ ክንድ ተለክታለች። ለወትሮው የምትዘለውን ኪኒን ምርመራውን ፈርታ ሳምንቱን ሙሉ ስትውጥ ስለሰነበተች ደህና ናት ተባለች፤ ምድጃዋን አላስነካችም።

«ብነግርሽ ትታከሚያለሽ፤ ስትታከሚ ደግሞ የክንዱ ነገር ይወጣል ብዬ ፈራሁ» አለችኝ። «ይሻልሻል ብዬ ነበር።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ሌላ ሰው ላይ የሚደርስ ይመስለኝ ነበር። ከአንድ ጡት ባንጠባም ከአንድ ሳህን በልተን ያደግን ነን።

ነርሷ መዝገቡን ይዛ ተመለሰች። «በዚህ ካርድ የመጣችው ደህና ናት ይላል። ታዲያ አንቺ ማን ነሽ?»

አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ እንጂ ቃል አልወጣም። ነርሷ ወደ ብልጢት ዞረች። «አንቺስ ታውቂያታለሽ?»

ብልጢት እንባዋን ጠረገች።

«ማሸጊያ ክፍል ነው የምትሠራው» አለች። «ብዙም አንቀራረብም።»