ሕመሙ የተዋት ቀን

እንዳላማው በጎጃም፣ በአምበር ዙሪያ በመርፌው የታወቀ ሰው ነበር። ከአባቱ የወረሳቸው ሦስት ረዣዥም መርፌዎች ነበሩት። ራስ ምታት የያዘውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል፣ ወገቡን የሚያመውን ከቋንጃው፣ ሆዱን የሚቆርጠውን ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ይወጋዋል። ደም እምብዛም አይወጣም። በሽተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ይቆይና «እፎይ» ይላል። እንዴት እንደሚሆን እንዳላማው ራሱም አያውቅም። በልጅነቱ አባቱን ቢጠይቃቸው፣ «ሕመም መንገድ አለው፤ መንገዱን ትዘጋበታለህ» ብለውት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠይቆም አያውቅ።

ሚስቱ የብርጓል አራት ወልዳ ሦስቱን በፈንጣጣና በኩፍኝ ቀብራለች። የቀረቻቸው ሙላቷ ብቻ ነበረች። እሷንም አስማማው ለሚባል የጎረቤት አገር ልጅ ዳሯት። ጥሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽግ ሲሠራ አስማማው ጠመንጃውን አንግቦ ዱር ቤቴ አለ። ጥሊያንም ቤቱን አቃጠለበት። ሙላቷ ከተቃጠለው ቤት ያተረፈችውን አንድ ቁና ጤፍና አንድ ጋቢ ይዛ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች።

በ1931 ዓ.ም. በአስተርዮ ማርያም ማግስት ሙላቷ እህል ስታበጥር ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። መጀመሪያ እምብርቷ አካባቢ ነበር፤ በማግስቱ ወደ ቀኝ ጎኗ ወረደ። የበላችው ሁሉ ወጣ። ቀኝ እግሯን መዘርጋት አቅቷት ጉልበቷን አጥፋ ተኛች።

በዚያው ቀን የየብርጓል የእህት ልጅ አንለይ እናቱን ሊጠይቅ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ ነበር። አንለይ ጥሊያን በከፈተው ሐኪም ቤት ቁስል ያጥባል። መንደሩ ከኋላው ባንዳ ይለዋል፤ እሱም ያውቃል፤ ስለዚህ ሰው ቤት አይገባም ነበር። የአክስቱ ልጅ መታመሟን ሲሰማ ግን መጣ። አጠገቧ ተንበርክኮ ቀኝ ጎኗን በሁለት ጣቱ ጫን አደረገና ለቀቀ። ሙላቷ ጮኸች።

«አያ እንዳላማው፣ ይህን ሕመም አውቀዋለሁ» አለ አንለይ። «አንጀት ላይ የበቀለች ትንሽ ጅራት አለች። እሷ ስትቆስል ነው። ሐኪሙ ሆድ ከፍቶ ቆርጦ ያወጣታል። ሲድኑ በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬውኑ በቃሬዛ እንውሰዳት።»

«የማን ሚስት እንደሆነች ረሳኸው?» አለ እንዳላማው። «ቤቷን ያቃጠለባትን ሰውዬ፣ ሆዷንም ክፈትልኝ ልበለው?»

«ስሟን ለውጠን እናስገባታለን። የይለፍ ወረቀቱን እኔ አወጣለሁ።»

«እኔ መርፌ አለኝ።»

«አይቆጡኝ፣ አያ። በሐኪም ቤቱ መድኃኒት ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ ልንገርዎ። ሐኪሙ በሽተኞቹን ውሃ ይወጋቸዋል። ንጹሕ ውሃ፣ ሌላ ምንም የሌለበት። መድኃኒት ነው ይላቸዋል፤ እነሱም ያምናሉ። ጥርሱን ሲያፋጭ የዋለ ሰው ከውሃው በኋላ እንቅልፍ ሲወስደው አይቻለሁ። ሕመሙ ይሄዳል፤ በሽታው ግን እዚያው ነው። የእርስዎም መርፌ እንደዚያ ቢሆንስ?»

«እኔ ሰው አታልዬ አላውቅም!»

«እርስዎማ ያምኑበታል። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።»

የብርጓል አንዴ ባሏን አንዴ የእህቷን ልጅ ታያለች። ነገሩን የቆረጠችው ሙላቷ ነበረች። ላብ ያጠመቀውን ፊቷን ወደ አባቷ አዙራ፣ «አባ፣ አንተው ውጋኝ። ከማላውቀው ሰው እጅ ያንተ እጅ ይሻለኛል» አለችው።

አንለይ ወጥቶ ሄደ። እንዳላማው መርፌውን በእሳት አሳልፎ ከሁለቱም ጉልበቶቿ በታች ወጋት፤ መርፌውንም ቀስ እያለ እያዞረ ረዘም ላለ ጊዜ ያዘው። ሙላቷ ዓይኗን ጨፈነች። «ቀለል አለኝ» አለች። ጨርሶ ግን አልተዋትም። በማግስቱ ማለዳ ደግሞ ወጋት።

ያን ዕለት እኩለ ቀን ላይ፣ የሆነ ነገር እንደ ተበጠሰ ሁሉ፣ ሕመሙ ድንገት ተዋት። ሙላቷ ቀና አለች። እግሯን ዘረጋች። እጇን ጎኗ ላይ አድርጋ ጥቂት ጠበቀችና፣ «የለም። እማ፣ የለም እኮ!» አለች።

የብርጓል እልል አለች። ጎረቤቶች መጡ። «እጅህ ይባረክ» አሉት። ሙላቷ አጥሚት ጠጣች፤ ደጃፍ ወጥታም ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። እናቷ ጠጉሯን እየፈታች ታበጥርላት ጀመር። ሙላቷ የአንለይን ነገር አንስታ ሳቀች።

«አባ፣ ያቺ እግሯን አሟት የነበረችው በቅሏችን በመርፌህ ድና የለም? በቅሎ ደግሞ በምን ታምናለች?»

እንዳላማው እንደዚያን ቀን ስቆ አያውቅም። ይህንን ለአንለይ ያለመመለሱ ብቻ ቆጨው። ወደ አንለይ እናት ዘንድም ሰው ላከ። «ለልጅሽ ንገሪው። ውሃ አይደለም በይው» አለ።

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሙላቷ ስለ ባሏ አወራች። ጥሊያን ሲወጣ ቤቱን የት እንደሚሠሩት፣ ከቃጠሎ የተረፈውን ምሰሶ ለምን እንደሚያደርጉት፣ አስማማው እንጨት መጥረብ እንደማይችልና እሷ እንደምታሳየው። እንዳላማው ከጎኗ ተቀምጦ «እንዴታ፣ እንዴታ» ይላል። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እንዲህ ዋሉ።

በበነጋታው ሰውነቷ እንደ እሳት ይፈጅ ነበር። ሆዷ ሲነካ እንደ ጣውላ ደርቋል። አረንጓዴ ነገር አስመለሳት። እንዳላማው መርፌውን አወጣ፤ ጉልበቷ ሥር ወጋ፤ እጇን ወጋ፤ ሌላ ጊዜ ወግቶት የማያውቀውን ቦታ ሁሉ ወጋ። ሙላቷ መርፌው ሲገባም አልተሰማትም። ያን ጊዜ መርፌውን መሬት ላይ ጥሎ፣ «ቃሬዛ!» ብሎ ጮኸ።

አራት ጎረምሶች ተሸከሟት። እሱና የብርጓል ከጎንና ከጎን እየሮጡ ተከተሉ። ፀሐይዋ ከረረች። ሙላቷ መንገዱን ሙሉ ዓይኗን አልገለጠችም። ደብረ ማርቆስ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ኬላው ላይ አስካሪዎች፣ ለጥሊያን የተቀጠሩ ጥቁር ወታደሮች፣ አቆሟቸው። የይለፍ ወረቀት ጠየቁ። አልነበራቸውም።

«ልጄ እየሞተችብኝ ነው» አለ እንዳላማው። «ሐኪም ቤቱ አንለይ የሚባል ዘመድ አለን፤ ላኩበት።»

አርበኞች በቃሬዛ ጠመንጃ ያሳልፋሉ ተብሎ ስለነበር አስካሪዎቹ ልብሱን ገላልጠው ፈተሹ። ነጩ አለቃቸው እስኪመጣ ጠብቁ አሏቸው። ቃሬዛውን በመንገዱ ዳር ከአንድ ግራር ሥር አወረዱት። የብርጓል በነጠላዋ ዝንብ ትከላከልላታለች።

«አባ» አለች ሙላቷ። «ደረስን?»

«ደርሰናል፣ የኔ ዓለም። ደርሰናል።»

ነጩ ሲመጣ እሷ ሞታ ነበር። እጁን አወናጨፈና እለፉ አላቸው። እነሱ ግን ቃሬዛውን አንስተው ወደ መጡበት ተመለሱ።

ለሰልስቱ አንለይ መጣ። ለቀስተኛው ፊቱን አዞረበት። እንዳላማው ግን ተነሥቶ እጁን ይዞ ከቤቱ ጀርባ ወሰደው።

«ያ ሕመሙ የተዋት ቀን…» አለ። «ለምን ነበር የተዋት?»

«አያ፣ አሁን ይህ ምን ያደርግልዎታል?»

«ንገረኝ።»

አንለይ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። «ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። ያቺ የቆሰለችው ነገር ስትፈነዳ ሕመሙ ለጥቂት ጊዜ ቀለል ይላል አለኝ። ሰዎች ዳነ ብለው የሚታለሉት ያን ጊዜ ነው። መርዙ ግን በሆድ ውስጥ ተበትኗል።»

«እንግዲያ መርፌዬ አልነበረም።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ፊተኛው ቀን ቀለል አለኝ ስትል ያ የእርስዎ መርፌ ይሆናል። የማግስቱን እንጃ። እዚያ ውስጥ ገብቶ ያየ ማን አለ?»

«በማግስቱ ጠዋት፣ ሳይፈነዳ ወስደናት ቢሆንስ?»

አንለይ እንደገና አቀረቀረ። እንዳላማውም ይህንኑ እንደ መልስ ወሰደው።

ይህን ለሚስቱ አልነገራትም። የብርጓል ልጇን የገደላት ኬላው ነው ብላ አምናለች። በተነሣችና በተቀመጠች ቁጥር ያን ኬላ ትረግማለች። «እጅህ አድኗት ነበር፤ ባያስቆሙን ኖሮ ከሁለተኛውም ሕመም ትተርፍ ነበር» ትለዋለች። የሚስቱ ሐዘን የሚወቅሰው ጠላት ስላገኘ እንዳላማው አልነጠቃትም። መርፌዎቹን ጠቅልሎ ከጣሪያው ሥር ሻጠ። የሚመጣውን በሽተኛ ሁሉ «እጄ ይንቀጠቀጣል» እያለ መለሰው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የብርጓል ራሷን ታመመች። ብርሃን ማየት እስኪያቅታት ድረስ ግማሽ ጎን ራሷን ይፈልጣታል። ሁለት ቀን ጓዳ ውስጥ ተኝታ ዋለች። በሦስተኛው ቀን እጇን ዘረጋችለት።

«ውጋኝ።»

«ትቼዋለሁ።»

«ለኔ ብለህ። ካንተ በቀር ማን አለኝ?»

እንዳላማው መርፌውን አወረደ። አሁን በመርፌው አያምንም። እጁ ግን መንገዱን ያውቀዋልና በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ወጋት። የብርጓል ዓይኗን ጨፈነች። ግንባሯ ላይ ተቋጥሮ የነበረው ነገር ሲፈታ አየው።

«እፎይ» አለች። «እጅህን ምንም አላገኘው።»

እንቅልፍ ወሰዳት። እንዳላማው ወጥቶ ከበረቱ ጀርባ ተቀመጠና ነጠላውን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ አለቀሰ። መርፌው አይሠራም ቢባል ይሄው ሠራ። ይሠራል ቢባል ልጁ አፈር በላች። ከዚያ በኋላ ሕመሙ በተነሣባት ቁጥር ይወጋታል፤ ሁልጊዜም ይተዋታል።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት፣ አስማማው በቁጥቋጦ ውስጥ ለውስጥ መጣ። ጺሙ አድጓል፤ ግራ ክንዱ በጨርቅ ታስሯል። የሚስቱን ሞት ዱር ሆኖ ሰምቷል። የብርጓል ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበርና ሁለቱ ብቻቸውን ተቀመጡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ» አለ አስማማው። «ተሠቃየች?»

እንዳላማው «አልተሠቃየችም» ሊል ነበር። የአስማማውን ዓይን ሲያይ ግን አቃተው።

«አንድ ቀን ሕመም አልነበራትም» አለ። «ያን ቀን ዳነች ብዬ ደጃፍ አስቀምጬ አሳቅኋት። ቤታችሁን የት እንደምትሠሩት ስትነግረኝ ዋለች። ልወስዳት የሚገባኝ ያን ቀን፣ ከዚያም በፊት ነበር። አንለይ ለምኖኝ ነበር። ወረቀቱን አወጣለሁ ብሎኝ ነበር። በመርፌዬ ኮራሁና እምቢ አልሁት። ኬላው አይደለም የገደላት። ኬላው ስንደርስ አልቆ ነበር።»

አስማማው ጠመንጃውን አነሣ። «እግዜር ያጽናዎ» አለ፤ እጁን ግን አልዘረጋም። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ። የብርጓል እንስራዋን እንዳዘለች እዚያው ቆማ ነበር። ከየትኛው ቃል ጀምሮ እንደሰማች እንዳላማው ከፊቷ አወቀ።

እሷ ለአማቿ መንገድ ለቀቀችለት። እንስራዋን አወረደች። አላለቀሰችም፤ አልተጣላችውምም። እራት አቀረበችለት። ኬላውን ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ረግማ አታውቅም።

ሳምንት ሳይሞላ ራሷን አመማት። ሁለት ቀን ዝም ብላ ቻለችው። በሦስተኛው ቀን መጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና እጇን ዘረጋችለት። እንዳላማው ያንኑ መርፌ ያንኑ ቦታ ወጋት። የብርጓል ዓይኗን ጨፈነች። እሱ ግንባሯን እያየ ጠበቀ። ውጭ ዶሮ ይጭራል። መርፌውን ጥቂት አዞረው፤ እንደገናም ጠበቀ።

«አልተወኝም» አለች።

«ሌላ ቦታ ልሞክር?»

«ተወው በቃ።»

እጇን ከእጁ ውስጥ ቀስ አድርጋ አወጣች። መቀነቷን ፈትታ ራሷን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ወደ ወፍጮዋ ሄደች። እንዳላማው መርፌውን እንደያዘ ቀረ፤ ወፍጮው ሲጀምርና ሲያቆም፣ ደግሞ ሲጀምር ይሰማ ነበር።