የእትዬ ወርቅውሃ ካርድ

«እኔ ናዝራዊት እኮ ነኝ! የሙያ ሥነ ምግባር ኮርስ ላይ ከክፍሉ ሁሉ ኤ ፕላስ ያመጣ ከእኔ ሌላ ማን አለ?»

ይህን ያለችው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ቁልቁል በሚወርድ ታክሲ ውስጥ ነው፤ ወያላው ሳይቀር እንዲሰማ ጮክ ብላ። አጠገቧ የተቀመጠችው ኤልቃና ሳቀች። ሁለቱ የአንድ ግቢ ልጆች ናቸው፤ ኮምፒውተር ሳይንስም አብረው ሁለተኛ ዓመት ጨርሰዋል። ኤልቃና ያመጣችው ሲ ነው። ምን ታድርግ፣ አንድ ገጽ ላይ ግማሽ ቀን ትቀመጣለች።

ለፈተናው ሲያጠኑ፣ «ናዝዬ፣ ግን ‹ሚስጥር መጠበቅ› ሲል... ያወቅሽው ነገር ሰው የሚጠቅም ቢሆንስ?» ብላ ጠይቃት ነበር።

«እሱ ቁጥር አራት ነው። ሸምድጂውና እለፊ!»

ናዝራዊት ስትሸመድድ ለጉድ ነው። ስልሳ ገጽ ሃንድአውት በሁለት ቀን ዋጥ ታደርግና ፈተናው ላይ ትተፋዋለች። በሳምንቱ ብትጠይቋት ባዶ ናት።

ክረምት ሲገባ ለልምምድ የተመደበችው እዚያው ሰፈራቸው ያለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነው። ሥራው የታካሚ ካርዶችን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ። የካርድ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ዘረሰናይ የመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ብቻ ነገሯት፤ «ልጄ፣ እዚህ ያየሽው እዚህ ይቀራል።»

«ይሄማ ቁጥር አራት ነው፣ ጋሼ!»

እሳቸው የምን ቁጥር እንደሆነ አልገባቸውም።

በሁለተኛው ሳምንት የእትዬ ወርቅውሃ ካርድ እጇ ገባ። የኤልቃና እናት! ጣቷ መተየቡን ተወው፤ ዓይኗ ሮጠ። ጡት። ካንሰር። ቀዶ ጥገና ሆስፒታል፣ የፊታችን ማክሰኞ። ከታች በሐኪሙ እጅ፦ «ለልጃቸው ራሳቸው እንደሚነግሩ ገልጸዋል።»

ይህቺንም መስመር አንብባታለች። አላየኋትም እንዳትል አይታታለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኤልቃናን ዳገቱ ላይ ስታገኛት ግን አፏ አልታዘዝ አለ። ጓደኛዬ አይደለች? እናቷ ታመው እሷ እየሳቀች ትዙር? እንዲህ እያለች ራሷን አሳመነችና ነገረቻት። እውነቱን ለመናገር፣ ቀድሞ ማወቁም ትንሽ ጣፍጧት ነበር።

ኤልቃና እስኪያልቅ አልሰማቻትም። ሮጠች። እትዬ ወርቅውሃ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በረንዳቸው ላይ ሦስት ደንበኞች ቆመው ነበር።

«እማዬ! ካንሰር ይዞሽ ነው የደበቅሽኝ?»

የስፌት መኪናው ቆመ። ደንበኞቹ አንገታቸውን ደፉ። እናትየው የጀመሩትን ቀሚስ አጣጥፈው ገቡ። ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ማክሰኞ ሆስፒታል አልሄዱም። «ወረቀቴ ከእኔ ቀድሞ ሰፈር የሚገባ ከሆነ እዚያ ምን እሠራለሁ?» አሉና እንጦጦ ወጥተው፣ እዚያው ቤት ተከራይተው ጸበል ያዙ። ኤልቃናም ናዝራዊትን ማነጋገር ተወች። ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ካየቻት ባዶ ባልዲዋን ይዛ ትመለሳለች።

እትዬ ጸበል በያዙ በሦስተኛው ሳምንት ናዝራዊት አቶ ዘረሰናይ ፊት ቆማ ሁሉንም ተናገረች። አልጮሁባትም። ቢጮሁባት ይሻላት ነበር። የክፍሉን ቁልፍ ተቀበሏትና ልምምዷ ማብቃቱን ነገሯት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ሐኪሙ ሆስፒታሉን ለምነው ለእትዬ ወርቅውሃ የሐሙስ ቀጠሮ አስይዘውላቸዋል። ከዚህ ከዘገዩ እንጃ ብለዋል። እሳቸው ደግሞ ስልክ አያነሱም» አሉ።

በባሕር ዛፉ መሐል ያለውን የእንጦጦ ዳገት ዝናብ እየደበደባት ወጣች። እትዬ ወርቅውሃን ያገኘቻቸው አንዲት የቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ላይ ነው፤ ነጠላ ተከናንበው፣ ግራ ክንዳቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው። በሦስት ሳምንት እንዲህ ይከሳል?

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያወራሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ለኤልቃና አዝኜ...»

«ሃያ ቀን ሙሉ ቃሉን ሳበጀው ነበር» አሉ ወደ ዛፎቹ እያዩ። «እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ እጇን ይዤ፣ ቀስ ብዬ ልነግራት። ‹አይዞሽ ልጄ› ብዬ ልጀምር። ያቺን ቀን ወሰድሽብኝ። አሁን እሷ ናት እኔን አይዞሽ የምትለኝ፤ እሱንም እያለቀሰች።»

ለዚህ የሚሆን ቁጥር ሃንድአውቱ ላይ አልነበረም። ናዝራዊት የሐሙሱን ቀጠሮ ነገረቻቸው፤ ሐኪሙ ያሉትንም ሳትቀንስ። እትዬ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«እሄዳለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ለልጄ ስል። ጸበሉም ሂጂ እንጂ ቅሪ አይለኝም።»

ናዝራዊት ዝናቡንና እንባውን አንድ ላይ ጠረገችው።

«እሰይ! እንግዲያው ሐሙስ በጠዋት መጥቼ እኔ ልውሰድዎት፤ ቦርሳዎንም እይዛለሁ!»

እትዬ ወርቅውሃ ከእግር እስከ ራሷ አዩአት።

«አንቺማ ቅሪ። ሆስፒታል እስክንደርስ ላገኘሽው ሁሉ ስለ ጡቴ ታወሪያለሽ።»