ዘራፍ ያለው ሰሌዳ

ሞገስ የኤሌክትሪክ ሙዚቃ ሰሌዳውን፣ ፓዱን፣ ጭኑ ላይ ሲያስቀምጥ ከደብረ ታቦር እስከ ሐሙሲት ያለ ማሲንቆ ሁሉ ጅማቱ ይረግባል። ሰሌዳው ከተማሪ ደብተር ብዙም አይበልጥም፤ ፊቱን የሞሉት ትንንሽ የጎማ ቁልፎች ግን የአንድ ክፍለ ጦር ድምፅ ይተፋሉ። በጎን ያለችውን አንዲት ቁልፍ ሲነካት የኖታው አደራደር በሙሉ ይገለበጣል፤ ትዝታ የነበረው ባቲ ይሆናል፣ ደግሞ ሲነካት አምባሰል። መብራቱም አብሮ ይለዋወጣል፦ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ከሁሉ ኋላ ቀዩ ገጽ አለ። እዚያ ኖታ የለም፤ የፎካሪ ድምፅና የጠመንጃ ተኩስ ተቀርጾ የተቀመጠበት ነው። በዚህ ገጽ ሞገስ ስንቱን ሠርግ አናውጧል! እስቴ ላይ እኮ ቄደር የተጠመቁ፣ ንስሐ የገቡ፣ ሞታቸውን የሚጠብቁ ሽማግሌ ካልጋ ወርደው ሸልለዋል።

ዛሬ ግን ቀዩን ላይነካ ምሏል። ሙሽሪት እኅቱ ጥሩወርቅ ናት። አባታቸው በግጦሽ ጠብ የሙሽራውን የማሩን አባት ገደሉ፤ የማሩ አጎት አያ ሙላቴ ደግሞ የወንድማቸውን ደም በእነሞገስ አባት መለሱ። ሽማግሌ ክረምት ከበጋ ተመላልሶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ደሙን በጋብቻ አደረቀው። ጋፋት ላይ በተጣለው የሠርግ ዳስ በር መሪጌታ ትእዛዝ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ገዘቱ፦

«መሣሪያ እጓዳ ይግባ! ፉከራ በዚህ ዳስ ከተሰማ እርቁ ፈረሰ።»

ጥሩወርቅማ ጠዋቱኑ የወንድሟን ጆሮ ይዛ ነበር።

«ሞጌ፣ ያን ቀዩን ለምን አታጠፋውም?»

«አንቺ ደግሞ! ዓይኔን ጨፍኜ፣ በእግሬ ጣት እቀይረዋለሁ። ይኸ እጅ ስቶ ያውቃል?»

«ሌላ ቀን ይሳት። እኔ የምገባው አባቴን የገደለ ሰው ቤት ነው።»

ቀትር ሆነ። የሐሙሲት ሠርገኛ ዳሱን ሞላው። ዘፋኟ እሌኒ ትዝታውን አልቅሳ አስለቅሳ ስታበቃ ዞር ብላ «ባቲ!» አለችው። ሞገስ ዓይኑ ከሚዜዎቹ ላይ ነበር፤ አንዷ ፈገግ ብላለታለች። ሳያይ፣ በትንሿ ጣቱ፣ ቁልፏን ነካት። አንዴ ይበቃ ነበር፤ ጣቱ ግን እንደ ጌታዋ ናትና እየደነሰች ደጋገመችው። ሰሌዳው ቀላ። ያን ቅላት ማን ይየው? በዳሱ ቅጠል መሃል የሚወርደው ፀሐይ መብራቱን ሁሉ አንድ ዓይነት አመድ አድርጎታል። ሞገስ ባሥሩም ጣቱ ወረደበት።

«ዘራፍ! ደም መላሽ! ዘራፍ!» አለ ሞንታርቦው። ጧ! ጧ! ጧ!

የጉና ዝንጀሮ ሁሉ ገደል ገባ።

አንዱ ሞንታርቦ የቆመው ከሞገስ አጎት ከጋሼ አስማማው ጀርባ ነበር። አያ ሙላቴ የተኮሱት አስማማው መስሏቸው፣ ከፍተሻ ያስመለጡትን ሽጉጥ ከኩታቸው ሥር መዘዙ። የመጀመሪያው ጥይት የሞንታርቦውን አፍ በሳው። ሁለተኛው የሰሌዳውን ጥግ ሰብሮ የሞገስን የመሃል ጣት ይዞ ሄደ።

ከዚያማ ዱላ ዘነበ። አግዳሚው ወንበር በሰው ራስ ላይ ለሁለት ተከፈለ፤ ጋኑ ፈንድቶ ጠላና ደም በአንድ ቦይ ወረደ፤ የአያ ሙላቴ ጥርስ ከአስማማው ሽመል ጋር ተላትሞ እንደ ሽንብራ ተበተነ። ማሩን ሊፈልጥ ከወረደው ዱላ ሥር ጥሩወርቅ ገባች፤ ቅንድቧ ተተረተረ። ያልተመታው ሁለተኛው ሞንታርቦ ደግሞ አያባራም፤ «ዘራፍ!» እያለ ይደጋግማል፣ ባለ ቁጥር ያልተማታው ሁሉ ይማታል። ሞገስ ማጥፊያውን ቢጫን ደሙ ያንሸራትተዋል። በመጨረሻ ገመዱን በጥርሱ ነክሶ ነቀለው።

ዱላውም አብሮ ቆመ።

መሪጌታ በጭቃው መሃል ቆመው «የሞተ አለ?» አሉ።

«ሞንታርቦው» አለ አንዱ። ማንም አልሳቀም፤ ጋሼ አስማማው ጓዳ ገብተው ጠመንጃ ይዘው ወጥተዋልና። አፈ ሙዙን እተንበረከኩት ሙላቴ ደረት ላይ አስጠጉ።

«ሞገስ! የፈሰሰው ደም ያንተ ነው። አንዲት ቃል በለኝ፣ እዚሁ ልጣለው!»

«ፎክራችሁብን!» አሉ አያ ሙላቴ ደም እየተፉ። «አስማማው ነህ ያስፎከርኸው!»

«ማን ፎከረ?» አሉ መሪጌታ ወደ ሞገስ ዞረው።

ሞገስ ጣቱ የተቆረጠ እጁን በብብቱ ይዞ እኅቱን አየ። ጥሩወርቅ ባንድ ዓይኗ ታየዋለች፤ ሌላው በደም ተሞልቷል። ማሽኑ ነው ቢል አያ ሙላቴ አያምኑም፤ ዝም ቢል አጎቱ ይተኩሳሉ። ስቼ ነው ብሎ ማመን ደግሞ ከሐሙሲት እስከ ጣራ ገዳም መሳቂያ መሆን ነው።

«እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፤ ሚዜዎቹን ሳይ ባቲ ብዬ ቀዩን ገለበጥሁ። ስቼ ነው። የጣቴንም ደም ለአያ ሙላቴ ትቻለሁ።»

«የወንድሜን ደም በኮረዳ ፈገግታ ሸጥኸው?» አሉ አስማማው፤ ጠመንጃውን አዙረው በሰደፉ አገጩን አሉት። ሞገስ ሲወድቅ መንጋጋው ሲሰበር ዳሱ ሁሉ ሰማ። አጎቱ ደገሙት፤ ሦስተኛውን ሲያነሡ መሪጌታ ከሰደፉ ተንጠለጠሉ።

አያ ሙላቴ ሽጉጡን ከመስቀሉ ሥር ጣሉ። የማሩን እጅ ይዘው ወጡ።

ሞገስ ከጠላው ጭቃ ቀና ማለት አልቻለም፤ የሐሙሲት ሠርገኛ የመጣበትን ሚኒባስ ከሰው እግር መሃል አየው። ጥሩወርቅ ቅንድቧን በማሩ ነጠላ ጠፍራ ገባች። አጎቷ ካፋፉ ላይ «ውረጂ! አንቺ ልጅ፣ ውረጂ ብያለሁ!» እያሉ ይጮኻሉ። መኪናው ሲነሣ እልል ያለ አልነበረም። እሷ ግን አልወረደችም።